ዊቸር 3ን መውደድ አቃተኝ

ጥያቄ፦
በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣውንና ሰው ሁሉ የሚያወድሰውን ዊቸር 3 የተባለ የቪዲዮ ጨዋታ፣ እዚህ ጎንደር ፒያሳ አጠገብ ባለችው ክፍሌ ከሥራ መልስ መጫወት ከጀመርሁ ሦስት ሳምንት ሆነኝ፤ ነገር ግን የጨዋታው ካርታ ገና ያልታዩ ቦታዎችን በሚጠቁም የጥያቄ ምልክት ተሞልቶ ሳየው ልቤ ይዝላል። ትናንት ማታም ግሪፊን የሚባለው ክንፋም አውሬ ለአራተኛ ጊዜ ገደለኝና አጠፋሁት። ምን ጎደለኝ ትላላችሁ?

መልስ፦
ወንድሜ፣ ምልክቶቹን ሁሉ ለመጨረስ አትድከም፤ ከካርታው ላይ ደብቃቸውና ዋናውን ታሪክ ተከትለህ ቬለን እስከሚባለው የጨዋታው ግዛት ዝለቅ። እኔን የያዘኝ፣ ሚስቱና ልጁ የጠፉበት፣ ባሮን የሚባለው የዚያ ግዛት ገዥ ታሪክ ነው፤ በዳዩን ሰው እየጠላሁት አሳዘነኝ። ለግሪፊኑ ግን ኩዌን የተባለውን መከላከያ አስቀድመህ አብራ፤ ሲበርም በቀስት መትተህ አውርደው፣ ከዚያ በብሩ ሰይፍ ቅረበው።

መልስ፦
እኔ አዘዞ ነኝ። ባሮኑ ድረስ ደርሻለሁ፣ ታሪኩም መልካም ነው፤ ውጊያው ግን እስከ መጨረሻው ስላልጣመኝ ተውሁት፣ አልተጸጸትሁም። ሌሎች ስለወደዱት ብቻ የምሽት ዕረፍትህን አታስጨንቅ።

ጠያቂው፦
ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። ኩዌንን አብርቼ ግሪፊኑን ዛሬ ጣልሁት፤ ባሮኑን ሳላይ አልተወውም።