ክርክር፦ «ሴቶች ብቻ» የሚለው ቃል ከሃርፕ ቡድን ፖስተር ላይ ይውረድ?

አወያይዋ፦

የዛሬው ጥያቄ ይኸውላችሁ። ሃርፕ ብቻ ይዘው ክላሲካል ሙዚቃ የሚጫወቱ ቡድኖች አሉ። ከእነዚህ ውስጥ አባሎቻቸው ሴቶች ብቻ የሆኑ አሉ። ይህንንም ፖስተራቸው ላይ በትልቁ ይጽፉታል። ይህ ለሙያውና ለተጫዋቾቹ ይጠቅማል ወይስ ይጎዳል?

መሣሪያውን እንዳናሳስት አንድ ነገር ልበል። ሃርፕ ብዙ ጊዜ «በገና» ተብሎ ይተረጎማል፤ ግን በገና አይደለም። የበገና አውታር ላይኛው ቀንበር ላይ ይታሰራል። የሃርፕ ክር ደግሞ ከድምፅ ሳጥኑ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ጎበጥ ካለው አንገቱ ላይ ይወጠራል። ዛሬ የምናወራው ስለ ትልቁ፣ በእግር የሚረገጥ ፔዳል ስላለው የኮንሰርት ሃርፕ ነው። የምንጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

እኔ አቋሜን ልናገር። ቡድኑ ይኑር፤ «ሴቶች ብቻ» የሚለው ይውረድ።

ሴቶች ተሰባስበው ትሮምቦን ቢነፉና «ሴቶች ብቻ ነን» ቢሉ ይገባኛል። ሰው ያልጠበቀውን እያሳዩት ነው። ሃርፕ ላይ ግን ሰው ድሮም የሚጠብቀው ሴት ነው። በ18ኛው ክፍለ ዘመን በአውሮፓ ባለጸጎች ቤት ሴት ልጅ ሃርፕ መማሯ የጨዋነት ምልክት ነበር። የፈረንሳይዋ ንግሥት ማሪ አንቷኔት ትጫወት ነበር። ሞዛርት በ1778 ፓሪስ ሳለ የፍሉትና የሃርፕ ኮንሰርቶውን፣ ማለትም ሁለቱ መሣሪያዎች ከኦርኬስትራ ፊት ሆነው የሚጫወቱትን ሥራ፣ የጻፈው ለአንድ መስፍንና ለሴት ልጁ ነው። ፍሉቱ የአባት፣ ሃርፑ የልጅቱ። መለከት መንፋት ፊት ያበላሻል፣ ቼሎ እግር ያስከፍታል እየተባለ ሴት በምትከለከልበት ዘመን ሃርፕ ተፈቀደላት። የተፈቀደውም ለጆሮ ብቻ ተብሎ አልነበረም። ክንዷንና አቀማመጧን ለማየትም ጭምር ነው።

ታዲያ ዛሬ ፖስተሩ ላይ ረጅም ቀሚስ፣ ወርቃማ ሃርፕ፣ ከላይ «ሴቶች ብቻ» የሚል ጽሑፍ ሳይ ያ የድሮ ሳሎን ይመጣብኛል። ምን እንደሚጫወቱ ለማወቅ ትንንሹን ጽሑፍ መፈለግ አለብኝ። የሚያናድደኝ ይሄ ነው። ሥራቸው ከባድ ነው፤ ፖስተሩ ግን ሥራቸውን አይናገርም።

የኦርኬስትራ ወዳጅ፦

እህቴ፣ ታሪኩን ከግማሹ ነው ያቆምሽው። ሳሎን ውስጥ ተፈቀደላት። ደመወዝ የሚከፈልበት ኦርኬስትራ ውስጥስ?

ኒውዮርክ ፊልሃርሞኒክ የተባለው ኦርኬስትራ የመጀመሪያዋን ሴት የቀጠረው በ1922 ነው። ስቴፋኒ ጎልድነር ትባላለች፤ ሃርፕ ተጫዋች ናት። የፊላደልፊያ ኦርኬስትራ በ1930 ኤድና ፊሊፕስን ቀጠረ። እሷም ሃርፕ ተጫዋች ናት። በሩን ያንኳኩትና የገቡት በሃርፕ ነው። ቫዮሊኖቹ፣ መለከቶቹ ከኋላ መጡ።

ቪየና ግን ይብሳል። አና ሌልኬሽ ከቪየና ፊልሃርሞኒክ ጋር ከ20 ዓመት በላይ ሃርፕ ተጫውታለች። አባል አልነበረችም። ሌሎቹ ተጫዋቾች ስማቸው በፕሮግራሙ ላይ ሲታተም የእሷ ለረጅም ዓመታት አይታተምም ነበር። በአባልነት የተቀበሏት በ1997 ነው! ይህ የአያቶቻችን ዘመን ታሪክ አይደለም፤ አብዛኞቻችን በሕይወት ነበርን።

አሁን አንቺ «ሴቶች መሆናቸው አይጻፍ፤ ሙዚቃው ብቻ ይነገር» ስትዪ እኔ የሚሰማኝ ያ ባዶ ፕሮግራም ነው። እሷም ላይ የተደረገው ይኸው ነው። ድምፁን ወሰዱ፣ ሴትዮዋን ደበቁ። ስለዚህ ይጻፍ። በትልቁ ይጻፍ።

ሃርፕ ተማሪ፦

እኔ ወንድ ነኝ፤ ሃርፕ ስማር ሰባተኛ ዓመቴ ነው። እስቲ በእኔም በኩል እዩት።

ልጅ ሆኜ ሃርፕ ልማር ስል መጀመሪያ የገጠመኝ ሳቅ ነው። አንድ አስተማሪ «ጊታር አይሻልህም?» አሉኝ። ክፉ ሰው አልነበሩም። ከልባቸው ለእኔ አዝነው ነው። ግን ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለሁለት ዓመት ያህል ምን እንደምማር ለጓደኞቼ አልተናገርኩም።

የሃርፕ ታሪክ ግን የሴት ብቻ ሆኖ አያውቅም። በ1792 ቤልፋስት ላይ የድሮውን ዜማ ለማትረፍ 10 የአየርላንድ ሃርፕ ደርዳሪዎች ተሰብስበው ነበር። ከአሥሩ ሴት የነበረችው አንዲት ብቻ ናት፤ ሮዝ ሙኒ። እኔ የምማርባቸውን መልመጃዎችና አጫጭር ሥራዎች ከጻፉት ውስጥ ማርሴል ግራንዣኒና ካርሎስ ሳልሴዶ ወንዶች ናቸው። ኒካኖር ሳባሌታ ሃርፕን ለብቻው መድረክ ላይ አውጥቶ ዓለምን የዞረ ወንድ ነው።

«ሴቶች ብቻ» የሚል ፖስተር ሲወጣ አንድ የዘጠኝ ዓመት ልጅ አይቶት «ይሄ የእኔ አይደለም» ብሎ ያልፋል። ቡድኑ ክፉ አስቦ አይደለም። ልጁ ግን ያልፋል።

የኦርኬስትራ ወዳጅ፦

ወንድሜ፣ የደረሰብህ ያሳዝናል። ግን አንድ ነገር ልጨምር፤ የጠቀስከው ግራንዣኒ ማን አስተማረው? ኦንሪየት ረኒዬ ናት። በ11 ዓመቷ የፓሪስ ኮንሰርቫቷርን፣ የትልቁን የሙዚቃ ትምህርት ቤት፣ የመጀመሪያ ሽልማት የወሰደች ሴት። በ1901 ደግሞ ራሷ የጻፈችውን የሃርፕ ኮንሰርቶ ራሷ ከኦርኬስትራ ጋር ተጫውታለች። አንተ የተማሪዋን ስም ታውቃለህ፣ የእሷን አልጠራህም። ልወቅስህ አይደለም። ግን «ሴቶች» የሚለው ቃል የሚያስፈልገው ለዚህ ነው።

ሃርፕ ተማሪ፦

እውነትዎን ነው። ኮንሰርቶዋን ሰምቼዋለሁ፤ ስሟን መጥራት ነበረብኝ።

ቼሎ ተጫዋች፦

እኔ የፆታው ነገር ብዙም አያሳስበኝም። የእኔ ጥያቄ ሌላ ነው። ለአራትና ለስድስት ሃርፕ ተብሎ የተጻፈ ክላሲካል ሙዚቃ ስንት አለ? ብዙው ከፒያኖ ወይም ከኦርኬስትራ የተገለበጠ ነው። ሃርፕ ብቻውን ሲሆን ድምፁ ያምራል። ሲበዛ ግን ይደበላለቃል፤ ከሦስተኛው ሥራ በኋላ ሁሉም አንድ ዓይነት ይሆንብኛል። ቡድኑ የሚሸጠው በመልኩ ከሆነ ምክንያቱ ይሄም ሊሆን ይችላል።

መምህርት፦

ልጆቼ፣ ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። ይሄኛው ግን ዝም አያሰኝም።

መጀመሪያ ሃርፕ ሲበዛ ምን እንደሚሆን ልንገራችሁ። የኮንሰርት ሃርፕ 47 ክር አለው፤ ክብደቱ ወደ 40 ኪሎ ይጠጋል። ከሥሩ 7 ፔዳሎች አሉ፤ ለእያንዳንዱ ኖታ አንድ። እያንዳንዱ ፔዳል 3 እርከን አለው፤ ዝቅ፣ መሐል፣ ከፍ። የኖታውን ድምፅ በእርከን በእርከን ሁለት ጊዜ ከፍ የሚያደርገውን ይህን አሠራር መሣሪያ ሠሪው ሴባስቲያን ኤራር በ1810 አስመዘገበው። አንድ ፔዳል ስትረግጡ የዚያ ኖታ ክሮች ሁሉ፣ ከላይ እስከ ታች፣ አብረው ይለወጣሉ። ስለዚህ ፒያኖ ላይ ጎን ለጎን ያሉ ነጭና ጥቁር ቁልፎችን እንደልብ እንደምትነኩት ሃርፕ ላይ አይሆንም። ቶሎ ቶሎ ቅኝቱ የሚቀያየር ሙዚቃ ሲመጣ የአንዲት ሴት ሁለት እግር አይበቃም።

አራት ሃርፕ ሲሆን ግን አንዷ «ዶ»ን ከፍ አድርጋ ትይዛለች፤ ሌላዋ መሐል ላይ ትተወዋለች። አንዷ ስትደረድር ሌላዋ ፔዳሏን ታዘጋጃለች። ለብቻ የማይቻለው ይቻላል። መገልበጥ ብቻ አይደለም፤ ሥራውን እንደገና ማከፋፈል ነው። ማን የቱን ኖታ እንደምትይዝ ለመወሰን ብቻ ሳምንታት ይፈጃል።

ስለ መደበላለቁ ቼሎ ተጫዋቹ እውነት አለህ። የሃርፕ ክር ከተነካ በኋላ ራሱን አያጠፋም። በተለይ ታች ያሉት ወፍራሞቹ ረጅም ጊዜ ይጮኻሉ። ስለዚህ ጎበዝ ቡድን የሚለየው በሚያስጮኸው አይደለም፤ በሚያፍነው ነው። እጅን ክሩ ላይ መልሶ አስተኝቶ ድምፁን መቁረጥ አለ። አራቱም በአንድ ቅጽበት መቁረጥ አለባቸው። አንዷ ብትዘገይ ጭጋግ ይሆናል። አነሳሱም እንዲሁ ነው። ቫዮሊን ድምፁን በዝግታ ሊያወጣው ይችላል፤ ሃርፕ ግን ጣት ከክሩ ሲለቅ ድምፁ ወጥቷል። መደበቂያ የለውም። አራት ሰው አብሮ መተንፈስ አለበት።

ደግሞ መቃኘቱ አለ። አራት ሃርፕ 188 ክር ነው። መሐል ያሉት ክሮች ከአንጀት የሚሠሩ ስለሆኑ የመድረኩ መብራት ሲሞቅ ይዛባሉ። ሰው ሻይ ሲጠጣ ተጫዋቾቹ ጎንበስ ብለው እየቃኙ ነው።

የሙዚቃ ደራሲው በርሊዮዝ «ሲምፎኒ ፋንታስቲክ» በተባለው ሥራው ላይ ቢያንስ 4 ሃርፕ ጠይቋል። ሌላው ደራሲ ቫግነር በ«ሪንግ» ኦፔራዎቹ 6 ፈልጓል። ሃርፕ ሲበዛ የሚያምር መሆኑን እነሱም ያውቁ ነበር። ልዩነቱ እዚያ ሃርፖቹ ጥግ ላይ ናቸው፤ ብዙ መስመር ቆጥረው ትንሽ ይጫወታሉ። የሃርፕ ቡድን ውስጥ ግን ዜማውም፣ ታችኛው ድምፅም፣ ምቱም የእነሱ ነው። ለ30 ዓመት ኦርኬስትራ ጥግ ተቀምጬ ቆጥሬአለሁ። ከሦስት ጓደኞቼ ጋር መሐል መድረክ ላይ የተቀመጥኩ ቀን እጄ ተንቀጥቅጧል።

የሁለት ልጆች እናት፦

መምህርት፣ ስላካፈሉን እናመሰግናለን። የእኔ አጭር ነው። ሴት ልጄ ሃርፕ የፈለገችው እንዲህ ያለ ቡድን አይታ ነው። «ያምራል» አላለችኝም። «ማነው የሚያዛቸው?» አለችኝ። ከፊት የቆመ ሰው ስታጣ ራሳቸው እርስ በርስ እየተያዩ እንደሚመሩ ገባት። ከዚያ ወዲህ እረፍት የለኝም።

አወያይዋ፦

የኦርኬስትራ ወዳጅ፣ የሌልኬሽ ነገር እንቅልፍ ነስቶኛል፤ ልክ ነሽ። ስለዚህ አቋሜን አስተካክላለሁ። የተጫዋቾቹ ስም ከነአባታቸው ፖስተሩ ላይ በትልቁ ይጻፍ። ሥራውን ለሃርፕ ያዘጋጀችውም ስሟ ይጻፍ። ስም ሲነበብ ሴት መሆናቸው ይታወቃል። «ሴቶች ብቻ» ግን ስም አይደለም። አራቱን ሴቶች መልሶ አንድ ያደርጋቸዋል፤ እከሌ የምትባል ሰው ሳትሆን «ከሴቶቹ አንዷ» ትሆናለች። ሌልኬሽን የጎዳት ሴትነቷ አለመጻፉ አይመስለኝም። ስሟ አለመጻፉ ነው።

የኦርኬስትራ ወዳጅ፦

ስሙ ላይ ተስማምተናል። ቃሉ ላይ አልተስማማሁም። ስም አንብቦ የሚለየው የሚያውቃቸው ሰው ነው። መንገድ ላይ የሚያልፈው አያውቃቸውም። ቡድኑ ገና ታዋቂ ባልሆነበት ጊዜ አዳራሽ የሚሞላለትን ቃል ከእጁ መንጠቅ ይከብደኛል። ኪራይ አለ፤ ሃርፕ የሚያጓጉዝ መኪና አለ።

ሃርፕ ተማሪ፦

መምህርት፣ አንድ ጥያቄ። ከአራቱ አንዷ ኮንሰርቱ ሲደርስ ብትታመምና ሥራውን የሚያውቀው ሰው ወንድ ቢሆንስ?

መምህርት፦

ደርሶብናል ልጄ። አንዷ ጓደኛችን ኮንሰርቱ ሦስት ቀን ሲቀረው ጣቷን በር ቀረጠፋት። የሁለተኛውን ሃርፕ ድርሻ በሙሉ የሚያውቀው አንድ ተማሪዬ ነበር፤ ገጾቹን የሚገልጥልን እሱ ስለነበር። አዘጋጆቹ «ፖስተሩ ሴቶች ብቻ ይላል፤ ሰው ይቀየመናል» ብለው ተከራከሩን። ወይ ሥራዎቹን እንቀንስ፣ ወይ በሦስት ሃርፕ እንጫወት አሉ። በሦስት ሃርፕ ደግሞ ያቺን «ዶ» የሚይዝ አይኖርም።

ጣቷ የተጎዳው ጓደኛችን ናት የወሰነችው። በፋሻ በተጠቀለለ እጇ የራሷን ወንበር ለቁመቱ አስተካከለችለት። ከዚያ እሷ ገጾቹን ልትገልጥለት ከጎኑ ቁጭ አለች።