ከኪስ ስርቆት የወጣ ልጅ ተመልሶ እንዳይገባ ምን ይደረግ?

የጎፋ ነዋሪ፦
የታላቅ እህቴ ልጅ 17 ዓመቱ ነው። ትምህርቱን ካቋረጠ በኋላ መርካቶ ከኪስ አውላቂዎች ጋር ይውል ነበር። አሁን ትቶ ቤት ተቀምጧል። መክረነዋል፣ ጸበልም ወስደነዋል፤ ግን እንዳይመለስ እፈራለሁ። ምን ያስገባቸዋል? ምንስ ያስወጣቸዋል?

ቡና ሻጯ፦
እህቴ፣ እኔ አውቶቡስ ተራ አጠገብ ቡና አፍልቼ እሸጣለሁ። ልጆቹ ከገጠር መጥተው ሲወርዱ አያቸዋለሁ። ሊሰርቅ አስቦ የሚመጣ የለም፤ ጫማ ሊጠርግ፣ እቃ ሊሸከም ነው የሚመጣው። ቀን የሚበላው አያጣም። ጭንቁ ሲመሽ ነው። ለአልጋ የሚከፍለው ያጣ በረንዳ ያድራል፤ በረንዳው ላይ ደግሞ ቀድሞት የከረመ ጎረምሳ አለ። ከዱላ ያስጥለዋል፣ ያበላዋል፤ ሰንበት ብሎ «ይህችን ስልክ ይዘህ ዞር በል» ይለዋል። ትንሹን የሚመርጠው አውቆ ነው። በወንጀል ሕጋችን 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ አይጠየቅም፤ እስከ 15 ዓመት ያለውም እንደ አዋቂ አይቀጣም። ስልኩ ሳይነጋ ገዢ ያገኛል። ገዢው ባለ ሱቅ ነው፣ በሰፈሩ የተከበረ ነው፤ እሱን ሌባ ብሎ የሚጠራው የለም። ይህ ያንገበግበኛል!

ምክር ብቻውን ያወጣውን ልጅ አላየሁም። የሚያወጣቸው ዋስ ነው። ጥበቃ ልሁን ሲል ዋስ አምጣ ይባላል፣ ሱቅ ልቀጠር ሲልም ዋስ። ጎረቤቴ ጫማ ሰፊው አንዱን «እኔ አለሁለት» ብሎ ሥራ አስያዘው። ልጁ ዛሬ ጫማ ይሰፋል፣ እቁብም ገብቷል። የእቁብ ቀን ያለበት ልጅ የድሮ ጓደኞቹ ሲጠሩት የሚመልሰው አያጣም።

ተሳፋሪው፦
እኔ ሜክሲኮ ታክሲ ስሳፈር ደመወዜን የተሰረቅሁ ሰው ነኝ። እናታችን በድህነት አሳደገችን፤ አልሰረቅንም። ለእነሱ ማዘን ይከብደኛል።

ቡና ሻጯ፦
ልጄ፣ ቁጣህ ይገባኛል፤ የላብህ ዋጋ ነው። እናትህ ግን ሲመሽ በር ትከፍትልህ ነበር። እነዚህ የሚከፍትላቸው የላቸውም።

እህቴ፣ ልጁን ቤት አታስቀምጪው። ከዘመድ መካከል ጋራዥ ወይም እንጨት ቤት ያለው ፈልጊና «እኔ ዋሱ ነኝ» በዪ። ማታ ሲገባ ኪሱን አትፈትሹ፤ እራቱን አቅርቡለት። 18 ዓመት ሲሞላው ደግሞ ወረዳ አብረሽው ሄደሽ መታወቂያውን አስወጪለት።