«ዩኒላተራል»ን በምን ልተካው?

ተርጓሚዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ የምተረጉመው ጽሑፍ ይዣለሁ። ነገሩ የኪራይ ውል ክርክር ነው። አከራዩ ተከራዩን ሳያማክር የውሉን ዘመን አሳጥሮታል። ይህን «ዩኒላተራል» ብዬ ጻፍኩት። ግን ጉዳዩ እየተመላለሰ ስለሚነሳ ቃሉ በየአንቀጹ ብቅ ይላል፤ ለጆሮ ይሰለቻል። የተመሳሳይ ቃላት መዝገብ ስከፍት «ዋን ሳይድድ»፣ «ባያስድ»፣ «ፓርሻል»፣ «ሎፕሳይድድ» እያለ ይደረድርልኛል። እያፈራረቅኩ ብጠቀምባቸው ምን ትላላችሁ? ደግሞስ «ፓርሻል» ከፊል ማለት አይደለም እንዴ? እዚህ ምን አመጣው?

ቃል ወዳድ፦
እኔ «ዋን ሳይድድ»ን እመርጣለሁ። ቀላል ነው፣ ሁሉም ሰው ይገባዋል። ሌሎቹን ተያቸው።

አርታኢው፦
እህቴ፣ እባክሽ እንዳትቀይሪው። ከላይ ያለው ወንድማችን ስለ ቀላልነቱ ልክ ነው፤ ለዚህ ጽሑፍ ግን ጉዳዩን ራሱን ይለውጥብሻል። ሥራዬ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማረም ነው። ከነዚህ ቃላት ጋር ስታገል ነው የምውለው፣ ስለዚህ ትንሽ ባረዝመው አትቀየሚኝ።

«ዩኒላተራል» የሚናገረው ስለ ድርጊት ነው። ሌላው ወገን ሊጠየቅ ሲገባው ወይም ሊጠየቅ ሲችል፣ አንዱ ብቻውን ወስኖ አደረገ ማለት ነው። ከላቲን ነው የመጣው፤ «ኡኑስ» አንድ፣ «ላቱስ» ጎን። «ባይላተራል» (የሁለትዮሽ) እና «መልቲላተራል» (የብዙ ወገን) ወንድሞቹ ናቸው። ድርጊቱ ፍትሐዊ ይሁን አይሁን ቃሉ አይናገርም። በ1965 እ.ኤ.አ. ኅዳር ወር የኢያን ስሚዝ መንግሥት የብሪታንያን ፈቃድ ሳያገኝ ቅኝ ግዛቷ ሮዴዥያ፣ የዛሬዋ ዚምባብዌ፣ ነፃ ናት ብሎ አወጀ። ያ አዋጅ እስከ ዛሬ የሚጠራው በዚሁ ቃል ነው። በሌላ በኩል አንድ ተዋጊ ወገን ማንም ሳያስገድደው ተኩስ ቢያቆም፣ ያም «ዩኒላተራል» ነው። የአማርኛ ዜና «የተናጠል ተኩስ አቁም» የሚለው ይህንኑ ነው፤ በጣም የምወደው አባባል ነው። እስቲ እዚያ ላይ «ባያስድ» አስገቢበት። ትርጉም አይሰጥም።

«ዋን ሳይድድ» ደግሞ ሚዛኑን ነው የሚያየው። «ዋን ሳይድድ» ውል ስትዪ አንባቢው የሚረዳው፣ ሁለቱም ፈርመዋል፣ ነገር ግን የውሉ ቃል ለአንዱ ያደላል ብሎ ነው። ልብ በዪ፤ ተከራዩ ተስማምቷል ማለት ነው! አንቺ ልትዪ የፈለግሽው ግን አልተስማማም፣ ጭራሽ አልተጠየቀም ነው። አንዷን ቃል ስትቀይሪ የሰውየውን አቤቱታ በገዛ እጅሽ አፈረስሽበት።

ሌላም ወጥመድ አለ። ለውጡን «ዩኒላተራል» በዪ፤ ውሉን ግን «ዩኒላተራል ኮንትራክት» እንዳትዪ። በእንግሊዝ ሕግ ይህ የራሱ ፍቺ አለው። አንዱ ቃል ይገባል፣ ሌላው የተባለውን በመፈጸም ይቀበላል። የሕግ ተማሪ ሁሉ የሚያውቀው የካርሊል ጉዳይ ነው፣ በ1892 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት የወሰነው። አንድ ኩባንያ፣ ዕቃዬን በመመሪያው መሠረት ተጠቅሞ ኢንፍሉዌንዛ ለያዘው ሰው 100 ፓውንድ እከፍላለሁ ብሎ በጋዜጣ አስነገረ። ወይዘሮ ካርሊል ተጠቀሙ፣ ታመሙ፣ ገንዘቡን ጠየቁ። ኩባንያው ማስታወቂያ እንጂ ውል አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ ተረታ። የጠፋ ውሻ ላገኘ ወሮታ እከፍላለሁ ማለትም የዚሁ ዓይነት ነው። ስለዚህ የኪራይ ውልሽን እንዲህ ብትጠሪው ጠበቃ ሲያነበው ግራ ይጋባል።

«ባያስድ» የሚፈርድ፣ የሚዘግብ ወይም የሚመርጥ አእምሮ ይፈልጋል። ዳኛ፣ ጋዜጠኛ፣ ጥናት፣ መጠይቅ። እኛ «አድሏዊ» ወይም «ወገንተኛ» የምንለው ነው። ከኋላው «አጌንስት» (በተቃራኒ) ወይም «ኢን ፌቨር ኦቭ» (በመደገፍ) ይከተለዋል። እባካችሁ መጨረሻው ላይ ያለውን «ድ» አትጣሉት፤ «ሂ ኢዝ ባያስ» እያሉ የሚጽፉ በዝተዋል።

«ፓርሻል» ላይ ያነሳሽው ጥያቄ ጥሩ ነው። ሁለቱም ፍቺ አለው። «ፓርሻል ፔይመንት» ካልሽ ከፊል ክፍያ ነው። «ዘ ጀጅ ዋዝ ፓርሻል» ካልሽ ዳኛው አድልቷል ነው። ከኋላው «ቱ» ካስከተልሽበት ደግሞ መውደድ ይሆናል። አሻሚ ስለሆነ አድልዎን ለመግለጽ እኔ ብዙም አልጠቀምበትም። ተቃራኒው «ኢምፓርሻል» ግን ጥርት ያለ ነው፤ ገለልተኛ ማለት ብቻ ነው።

«ሎፕሳይድድ»ን ለጨዋታና ለድምፅ ቆጠራ ተይው። በ2014 እ.ኤ.አ. የዓለም ዋንጫ ጀርመን ብራዚልን 7 ለ 1 ስታሸንፍ ውጤቱ እንዲያ ነበር። ያጋደለ ነገር ነው፤ ማን ማንን አማከረ የሚል ነገር ውስጡ የለም።

ነርሷ፦
አርታኢው ያለው እኛም ጋ ይሠራል። አንድ ጆሮው ብቻ የማይሰማ ሰው መዝገብ ላይ «ዩኒላተራል» ብለን ነው የምንጽፈው። «ዋን ሳይድድ» የራስ ምታት ይባላል፣ ያስኬዳል። «ባያስድ» የራስ ምታት ግን ሰምቼ አላውቅም።

ተርጓሚዋ፦
በጣም አመሰግናለሁ፣ ሁላችሁንም። ግን ድግግሞሹን ምን ላድርገው?

አርታኢው፦
መጀመሪያ፣ በሕግ ጽሑፍ ውስጥ ድግግሞሽ ነውር አይደለም። ቃል ሲቀየር አንባቢው ነገሩም የተቀየረ ይመስለዋል። ከሰለቸሽ ቅጽሉን ጣይና ድርጊቱን ተናገሪ። አንድ ጊዜ «ዩኒላተራል ቼንጅ» በዪ። ቀጥሎ «ዊዝአውት ዘ ቴናንትስ ኮንሰንት»፣ ያለ ተከራዩ ፈቃድ። ከዚያ «ዊዝአውት ኮንሰልቲንግ ሂም»፣ ሳያማክረው። ሦስቱም እውነቱን ይዘዋል። እንዲያውም ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይጠነክራል፤ ማን እንደተበደለ ያሳያል። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፦ ውሉ ራሱ፣ ከመነሻው፣ ለአከራዩ ያደላ ነው የሚል ቦታ አለ?

ተርጓሚዋ፦
አለ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ፣ ውሉን ቀድሞ ያፈረሰ ይቀጣል ይላል፤ ግን ቅጣቱን የሚከፍለው ተከራዩ ብቻ ነው። አከራዩ ቢያፈርስ ምንም የለም።

አርታኢው፦
እሱን «ዋን ሳይድድ» በዪው። ተከራዩ ፈርሞበታላ።