ፊመር ጭኑ ነው ወይስ አጥንቱ?

የአክስቷ ልጅ

ሰላም ለሁላችሁ። አክስቴ ደረጃ ላይ አዳልጧት ወደቀችና ራጅ ተነሳች። ወረቀቱ ላይ «ኢንተርትሮካንተሪክ የፊመር ስብራት» ይላል። ሐኪሙ የራሱን ዳሌ በጎን በኩል መታ መታ አድርጎ «እዚህ ጋ ነው» አለን። በቃ። አክስቴ ቀዶ ጥገና ተደርጎላት፣ ተመስገን፣ እየተራመደች ነው። እኔ ግን ከቃሉ ጋር ቀረሁ።

ቤት ገብቼ ስፈልግ አንዱ ፊመር የጭን አጥንት ነው ይላል፣ ሌላው ራሱ ጭን ነው ይላል። ትሮካንተር ደግሞ «ሯጭ» ማለት ነው የሚል አየሁ። አጥንት እንዴት ይሮጣል? ስሙ ፊመር ከሆነስ ለምን «ፊመራል» ሳይሆን «ፌሞራል» ይባላል? አንድ ጓደኛዬ ቃሉ በላቲን «ሴት» ከሚለው የመጣ ነው ብሎ ድርቅ ብሏል። እህታችሁን ገላግሏት።

ጠመኔ

አናቶሚ፣ ማለትም የሰውነትን አካላት አወቃቀር፣ ሳስተምር ነው ያረጀሁት፤ ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ ግን ትዝ አይለኝም። ተማሪ ይሸመድዳል፣ ይፈተናል፣ ይረሳል።

ሁለቱም ልክ ናቸው። ለሮማውያን ፊመር ጭን ነበር፤ ሥጋውም ቆዳውም አጥንቱም። አጥንቱን ለይተው ሲጠሩት «ኦስ ፌሞሪስ» ይሉታል፣ የጭን አጥንት። እንደ እኛው ማለት ነው። እኛስ ለዚህ አጥንት ምን የራሱ ስም አለን? በሰውነታችን ውስጥ ረጅሙ አጥንት በጎረቤቱ ስም ይጠራል። ጉልበት ላይ ያለችው ትንሿ እንኳ በአማርኛ «ሎሚ» የሚል ስም አላት፤ ላቲኑም «ፓቴላ» ይላታል፣ ትንሽ ሳህን ማለት ነው። ከእሷ በታች ያሉትም አልተረሱም፤ ቲቢያ ዋሽንት ነው፣ ፊቡላ የልብስ መያዣ መርፌ። ትልቁ ብቻ ነው ሳይሰየም የቀረው። ይህ ነገር እስካሁን ያበሽቀኛል።

ጎረቤቱ ኮክሳም ብዙ ተንከራትቷል። መጀመሪያ ዳሌ ነበር። በኋለኛው ዘመን ላቲን ቃሉ ቁልቁል ወርዶ ጭን ሆነ። ፈረንሳዮች ዛሬ ጭንን «ኩዊስ»፣ ጣልያኖች «ኮሻ» የሚሉት ከእሱ ነው። አናቶሚስቶች ግን ወደ ቦታው መለሱት፤ ዛሬ «ኦስ ኮክሴ» የዳሌ አጥንት ነው።

አናቶሚስቱ ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ትልቁን የአናቶሚ መጽሐፉን ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ውስጥ ሲያሳትም ጡንቻዎችን አብዛኛውን ጊዜ በቁጥር ነበር የሚጠራቸው። አንደኛው፣ ሁለተኛው እያለ። ከእሱ በኋላ የመጣው ሁሉ የየራሱን ስም አወጣ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወደ 50,000 የሚጠጉ ስሞች ተከማችተው ነበር። እ.ኤ.አ. በ1895 አናቶሚስቶች እዚያው ባዝል ላይ ተስማምተው ወደ 5,000 ግድም አወረዷቸው። ፊመርን ግን እንዳለ ተዉት። እ.ኤ.አ. በ1998 የወጣውን ዓለም አቀፍ የአናቶሚ ስሞች ዝርዝር ብታዪ ፊመር አንድ ቦታ ጭን ነው፣ ሌላ ቦታ አጥንት ነው። ስለዚህ ግራ የተጋባሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም።

«ፌሞራል» የሆነው ደግሞ ላቲኑ «የጭን» ለማለት ሲፈልግ «ፌሞሪስ» ስለሚል ነው። ከእሱ የቆየ «ፌሚኒስ» የሚል መልክም አለ፤ ጓደኛሽን ያሳሳተው ይኸው መመሳሰል ሳይሆን አይቀርም። ግን ዝምድና የላቸውም። «ፌሚና»፣ ማለትም ሴት፣ ማጥባት ከሚል ሥር የመጣ ቃል ነው። በይ ገንዘብ አስይዛችሁ ከሆነ ተቀበዪው።

ዞሮ ዞሮ

ጋሼ ጠመኔ፣ እጅ ነስቻለሁ። ትሮካንተርን ግን ዘለሉት። እኔ የማውቀው መንኮራኩር ማለት እንደሆነ ነው፤ ጭን የሚዞርበት ቦታ ስለሆነ። «ሯጭ» የሚለው ከየት መጣ?

ጠመኔ

አልዘለልኩትም፣ ጣቴ ደክሞኝ ነው። ሁለታችሁም ከአንድ ግንድ ነው የቆረጣችሁት። በግሪክ መሮጥ «ትሬኾ» ነው፤ መንኮራኩርም «ትሮኾስ» የተባለው ስለሚሮጥ ነው። ትሮካንተር ከዚያው ቤት የወጣ ነው። የጥንቱ ሐኪም ጌለን በ2ኛው ክፍለ ዘመን ለዚህ አጥንት ጉብታ ተጠቅሞበታል። በነገራችን ላይ ያው ቃል የአንድ ማሰቃያ መሣሪያ ስምም ነበር። ይህንን ለአክስትሽ አትንገሪያት።

አጥንቱ እንዴት እንደሚሮጥ ማየት ከፈለግሽ ተነሺ። መዳፍሽን ከወገብሽ በታች፣ ዳሌሽ ጎን ላይ አድርጊ። የአንድ እግርሽን ጣቶች ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ወደ ውጭ አዙሪ። ከመዳፍሽ ሥር ጠንካራ ነገር ይንከባለላል። ያ ነው ትልቁ ትሮካንተር። ሐኪሙ መታ መታ ያደረገውም እሱን ነው። ትንሹ ከውስጥ በኩል ስላለ እንዲህ አይገኝም። «ኢንተር» በመካከል ማለት ነው፤ የአክስትሽ ስብራት በሁለቱ መካከል ያለፈ ነው።

ሹልዳ

እኔ ስለ ጉድጓዱ ልጨምር፤ የጭን አጥንት ራስ ስለሚገባበት። የጥንቱ የግሪክ ባለቅኔ ሆሜር ኢሊያድ በተባለው የጦርነት ግጥሙ ውስጥ ተዋጊው ዲዮሜደስ ጠላቱን ኤኔያስን በድንጋይ ዳሌው ላይ ሲመታው፣ ጦርነቱን አቁሞ «ጭን ዳሌ ውስጥ የሚዞርበት፣ ጽዋ የሚሉት ቦታ» ብሎ ያስረዳል። ሰው እየወደቀ እሱ ቃል ይፈታል! ሮማውያንም ያንኑ ጉድጓድ «አሴታቡሉም» አሉት፣ የኮምጣጤ ጽዋ። ያዕቆብ ሲታገል የተነካበት ቦታም በዕብራይስጡ የጭን «ካፍ» ነው፤ መዳፍ፣ ጎድጎድ ያለ ነገር። የእኛ መጽሐፍ ቅዱስ «የጭኑ ሹልዳ» ይለዋል። ስሜን ከየት እንዳመጣሁት አሁን ገባችሁ።

የአክስቷ ልጅ

ጋሼ ጠመኔ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሞከርኩት፤ እውነትም ይንከባለላል፣ ትንሽ እንኳ አስደነገጠኝ። ጓደኛዬ መልሱን አንብቦ ዝም ብሏል፤ ለእሱ ይህ መሸነፍ ነው። አክስቴም ምርኩዟን ይዛ በደህናው ጎኗ ሞከረችው። ማሰቃያውን ዋጥ አድርጌ ሯጭ ማለት ነው አልኳት። «ታዲያ ያን ቀን ምነው ሮጦ ባመለጠ» አለችኝ።