«ሽቦ ወረቀት አያነብም» ላሉት ጋሼ፦ የኤሌክትሪክ ፈተናው ይቅር ወይስ ይጥበቅ?

ደረጃ ሦስት፦
ትናንት እዚሁ ግሩፓችን ላይ የተለጠፈውን ማስታወቂያ አይታችኋል። «ለኤሌክትሪክ ሲኦሲ (የሙያ ብቃት ማረጋገጫ) ለምትፈተኑ፣ የድሮ ጥያቄ ከነመልሱ አለን፣ ማንበብ አያስፈልግም» ይላል። ማስታወቂያው ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ያበሳጨኝ ከሥሩ የተጻፈው ነው። «የድሮ እጅ» የሚባሉ አንድ ትልቅ ሰው «ፈተናውን ራሱን ያንሱልን። እኛ ፒያሳን ስናበራ ኮድ የሚባል የሥራ ደንብ አላየንም። ሽቦ ወረቀት አያነብም» አሉ። ስንቱ ልብ ለጠፈላቸው! እኔ የምሠራው አራት ኪሎ አካባቢ ነው። ከምከፍተው የብሬከር ሳጥን ብዙው ያስፈራል። ፈተናው ይቅር የምትሉ ሰዎች፣ እነዚያን ሳጥኖች ማን ነው የሠራቸው?

የድሮ እጅ፦
እኔው ነኝ ያልኩት። አሁንም እደግመዋለሁ፤ ሽቦ ወረቀት አያነብም። ሙያዬን የተማርኩት ፒንሳ እያቀበልኩ ነው። መምህሬ ስማቸውን ከመጻፍ ያለፈ አያውቁም ነበር። ዶሮ ማነቂያ ውስጥ የዘረጉት መስመር ቤቱ እስኪፈርስ ድረስ አንድ ቀን አላስቸገረም። ዛሬ ሠርተፍኬቱን በላስቲክ አሽጎ የመጣ ልጅ የቱቦ ማጠፊያ ስፕሪንግ ስሰጠው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» ይለኛል። ፈተና አልፏል አሉ። ይለፋ!

ፌዝ ብቻ፦
ጋሼ ይበሉልን!

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
ሽቦ ማንበብ አይችልም፣ እንስማማለን። ለዚህ እኮ ነው የሚዘረጋው ሰው እንዲያነብ የምንፈልገው።

የድሮ እጅ፦
አፍ አለህ አንተ። እጅህንስ መቼ አየነው?

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
አሥሩም ጣቶቼ አሉ፣ ተመስገን።

ደረጃ ሦስት፦
ጋሼ፣ በአክብሮት ነው የምናገረው። መምህርዎ ጎበዝ እንደነበሩ አልጠራጠርም። ግን ያኔ ዶሮ ማነቂያ ቤት ውስጥ ምን ይሰካ ነበር? ጥቂት አምፖል፣ ሬዲዮ፣ ቢበዛ ካውያ። ዛሬ እዚያው ሽቦ ላይ ምጣድ ይሰካል። ምጣዱ 3500 ዋት ነው እንበል። ለ220 ቮልት ሲካፈል ወደ 16 አምፔር ይመጣል። የአንድ ሶኬት መስመር ሙሉ አቅም አለቀ ማለት ነው። እዚያው ላይ ፍሪጅ ይጨመራል፣ ካውያ ይጨመራል። ብሬከሩ ይወርዳል፣ ባለቤቱ ይጮሃል። ወረቀት የማያነበው ሠራተኛስ ምን ያደርጋል? 16ቱን ነቅሎ 32 ይተክላል። ሁሉም ደስ ይለዋል። ሽቦው ግን ያው ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትሩ ነው። ብሬከሩ የተቀመጠው ሽቦውን ሊጠብቅ ነበር። አሁን ሽቦው ግድግዳ ውስጥ ይግላል፣ ብሬከሩ ምንም አይመስለውም። ከዚያ አንድ ቀን እሳት ይነሳና «ኮንታክት ነው» ይባላል። በዚህ ከተማ የማይጠየቅ ጥፋተኛ ቢኖር ኮንታክት የሚባለው ነው።

የድሮ እጅ፦
እሱን ለማወቅ ፈተና መቀመጥ አያሻም። እኔ ሽቦ መጋሉን ነክቼ አውቀዋለሁ።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
ግድግዳ ውስጥ ያለውንም?

ፌዝ ብቻ፦
ሰውየው የሚሉት ልምድ ነው፣ አትጠምዝዙባቸው። የፈተናው ችግር ሌላ ነው። የሕንፃ ኤሌክትሪክ ኮዱ፣ ማለቴ ኢቢሲኤስ 10፣ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው። በፈረንጅ 1995 የወጣ። ስንት ጎበዝ ሠራተኛ ትምህርቱን ስምንተኛ ክፍል ላይ አቁሟል። ምጣድና የውሃ ማሞቂያ አንድ ላይ ቢበሩ መስመሩ ምን ያህል ይሸከማል ብለህ በአፍህ ጠይቀው፣ ካንተ በፊት ያሰላዋል። በእንግሊዝኛ ጽፈህ አራት ምርጫ ስትሰጠው ነው የሚጠፋበት። እንግሊዝኛ ነው ወይስ ኤሌክትሪክ የምንፈተነው?

ደረጃ ሦስት፦
እሱ ላይ አልከራከርህም። በአማርኛም በኦሮምኛም ይፈተን። ጋሼ ያሉት ግን «ይተርጎምልን» አይደለም። «ይነሳልን» ነው ያሉት።

የተክልዬ አከራይ፦
እኔ የምን ኮድ እንደምታወሩ አላውቅም። ቤት አከራያለሁ። ተከራይዋ ምጣድ በሰካች ቁጥር ቤቱ በሙሉ ድርግም ይል ነበር። አንድ ልጅ ጠራሁ። «እትዬ፣ ይቺ ናት የምታስቸግርዎት» አለና ከሳጥኑ ውስጥ ሰፋ ያለችውን፣ ትንሽ መሞከሪያ ቁልፍ ያላትን፣ አውልቆ ሽቦውን ቀጥታ አገናኘው። ከዚያ ወዲህ ጠፍቶ አያውቅም። 300 ብር ነው የተቀበለኝ። በኮድ ልሥራ የሚል ቢመጣ ሺህ ይለኝ ነበር። እኔ ከጋሼ ጋር ነኝ።

ደረጃ ሦስት፦
እትዬ፣ ያወለቀው አርሲዲዋን ነው፣ ሰው ሲነዘር መብራቱን የምትቆርጠውን!! ዛሬውኑ ያስመልሷት!

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
በ300 ብር። ርካሽ ነው።

የተክልዬ አከራይ፦
ምን አጠፋ? እሷ እኮ ናት እያጠፋች ስታስቸግረን የነበረችው።

ደረጃ ሦስት፦
ማጥፋት ነዋ ሥራዋ። እትዬ፣ ብሬከር ሰው አያድንም። እጁ እርጥብ የሆነ ሰው ሰውነቱ መብራቱን 1000 ኦም ያህል ይቋቋማል ብንል፣ በ220 ቮልት 0.22 አምፔር ያልፍበታል። 16 አምፔር የተጻፈበት ብሬከር ይሄን ከቁም ነገርም አይቆጥረውም። ልብ ለማቆም ግን ከበቂ በላይ ነው። አርሲዲ የሄደውንና የተመለሰውን መብራት ታወዳድራለች። 30 ሚሊ አምፔር፣ ማለትም 0.03 አምፔር፣ ጎድሎ ካገኘች ትቆርጣለች። ይህ ከ0.22ቱ ከ7 ጊዜ በላይ ያነሰ ነው። ምጣዱ ሲሰካ የምትጠፋው ሸክላው እርጥበት ጠጥቶ ይሆናል። መብራቱ በእርጥበቱ በኩል ወደ ብረቱ ያፈስሳል። መጠገን የነበረበት ምጣዱ ነው። ልጁ ግን ያወለቀው የሚነግርዎትን ነው።

የድሮ እጅ፦
ሴትዮዋን አታስደንግጣቸው። በእኛ ጊዜ አርሲዲ የሚባል አልነበረም። ሰው ሁሉ አለቀ እንዴ?

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
ያለቀው እዚህ ገብቶ አይጽፍም፣ ጋሼ።

ፌዝ ብቻ፦
አሁንስ አበዛኸው። ትልቅ ሰው ናቸው።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
ትልቅነታቸውን ማን ነካ? ክርክራቸውን ነው የነካሁት። እሱ ደግሞ አርሲዲ የለውም።

ልደታ አራተኛ ፎቅ፦
እኔ የምለው፣ አርሲዲ ሁልጊዜ ልክ ናት ያለው ማነው? የእኛ መብራት ሄዶ በተመለሰ ቁጥር ትወርዳለች። ሌሊት ፍሪጅ ውስጥ ያለው ሥጋ ተበላሽቶብኛል። ኤሌክትሪሺያን አመጣሁ፣ «ተለማመጂው» ብሎኝ ሄደ። ሠርተፍኬት አለው።

ደረጃ ሦስት፦
ቤቱ በሙሉ በአንድ አርሲዲ ላይ ከሆነ ከየዕቃው ጥቂት ጥቂት የሚያፈስሰው ተደምሮ ይጥላታል። የወጥ ቤቱንና የሻወሩን ለብቻ፣ የሌላውን ለብቻ ማድረግ ይቻላል። «ተለማመጂው» ያለሽ ሰው ግን ፈተናውን በምን እንዳለፈ መገመት እችላለሁ። ያውም ትናንት ማስታወቂያውን አይተናል።

የድሮ እጅ፦
አየህ? ራስህ መሰከርክ። ወረቀት አለው፣ አያውቅም።

ደረጃ ሦስት፦
እኔስ ሌላ ምን አልኩ? ወረቀቱ ሲሸጥ ነው የተናደድኩት!

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ከሩቅ ላስቸግራችሁ። እዚህ አሜሪካ ፈተናው በብዙ ቦታ ኮዱን ገልጠህ ነው። መጽሐፉ ፊትህ ነው። ሰዓት ነው እንጂ የሚፈትንህ ሽምደዳ አይደለም። የት እንዳለ ካላወቅክ ገጽ ስትገለብጥ ያልቅብሃል። ኮዱም በየሦስት ዓመቱ ይታደሳል።

ፌዝ ብቻ፦
መጡ ደግሞ ዲያስፖራው። እዚያ ሶኬታችሁ 120 ቮልት ነው፣ ወንድሜ። እኛ በ220 ነው የምንነዘረው፣ ለናንተ ማዘን ይቀለናል።

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ምጣድ እዚህም አለን። 240 አስገብተን ነው የምንጋግረው። 120ውም ቢሆን ይገድላል።

ፌዝ ብቻ፦
እንጀራውስ ይወጣል?

ሲልቨር ስፕሪንግ፦
ዓይኑ ካንተ ይበልጣል።

አዋጅ አንባቢ፦
ወደ ቁም ነገሩ ብንመለስ። ይህ የሰፈር ወሬ አይደለም፣ ሕግ አለው። አዋጅ ቁጥር 810/2006 ለኤሌክትሪክ ሥራ ተቋራጮች የብቃት ማረጋገጫ የሚሰጥ ባለሥልጣን አቁሟል። ዛሬ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ይባላል። ስለዚህ «ይነሳ» የሚለው ጥያቄ ለዚህ ግሩፕ የሚቀርብ አይደለም።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
አዋጁ ተቋራጩን ይጠይቃል። እትዬ ቤት የሄደው ልጅ ተቋራጭ ነው? ካቻቢቴ ከኋላ ኪሱ ሰክቶ ደላላ ያመጣው ነው። እሱን የሚይዘው የትኛው አንቀጽ ነው?

አዋጅ አንባቢ፦
እሱን የቤቱ ባለቤት ወረቀት መጠየቅ ነበረባቸው።

የተክልዬ አከራይ፦
እኔ ነኝ አሁን ጥፋተኛዋ? ልጁ ሠርተፍኬት አሳይቶኛል። ፎቶው አለበት።

ፈተና ደረሰብኝ፦
ይቅርታ፣ ጠባችሁን ላቋርጥ። ፈተና ደርሶብኛል። አንድ ጥያቄ አለ፤ ሁለት ሽቦ ብቻ ባለው አሮጌ ቤት ውስጥ ግራውንድ (የመሬት መስመር) ያለው ሶኬት ስትገጥም የግራውንዱን ጫፍ ምን ታደርጋለህ? የገዛሁት ወረቀት ላይ መልሱ «ሐ» ነው። ሐ ደግሞ «እዚያው ሶኬቱ ላይ ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ጋር ማገናኘት» ይላል። ልክ ነው?

ፌዝ ብቻ፦
ፒያሳ ብዙው አሮጌ ቤት እንደዚያ ነበር። ይሠራል።

ደረጃ ሦስት፦
ይሠራል! ኒውትራሉ እስኪላቀቅ ድረስ ይሠራል። ከፖሉ እስከ ቆጣሪው ባለው መንገድ የኒውትራል ማሰሪያ ላላ እንበል። ናስትሮ ብቻ የተጠቀለለበት ስንት አለ። ፌዙ፣ መብራት የሚያመጣው ማለቴ ነው፣ በተከፈተው አምፖል በኩል ያልፍና መመለሻ ሲያጣ በዚያች ድልድይ ወደ ፍሪጁ ብረት ይመጣል። ቤቱ ጨልሟል። ሰውየው መብራት ሄደ ብሎ በባዶ እግሩ ውሃ ሊጠጣ ፍሪጁን ይከፍታል። ቆጣሪው ጋ ፌዝና ኒውትራል ከተገላበጠማ መላቀቅም አይጠበቅም፤ ያኔውኑ የፍሪጁ በር 220 ነው። ያንን ወረቀት ቅደደው።

የድሮ እጅ፦
ልጄ፣ ይሄንን እኔም አላደርግም። ሲያደርግ ያየሁትን ተለማማጅ እጁን መትቼዋለሁ። ከመጽሐፍ ግን አልተማርኩትም። እኛ ግራውንዱን ከውሃ ቧንቧ ጋር ነው የምናስረው።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
ቧንቧው ፕላስቲክ ከሆነ ስንት ጊዜው፣ ጋሼ።

የድሮ እጅ፦
በእኔ ጊዜ ብረት ነበር።

ደረጃ ሦስት፦
ክርክሬ እኮ ይሄው ነው። ያኔ የተሠራው ሥራ ያኔ ልክ መስሎ ይሆናል። ባለቤቱ ቧንቧ ሠሪ ጠርቶ ብረቱን አውጥቶ በፕላስቲክ ቀየረው። ውሃው ደህና ይፈስሳል። ግራውንዱ ግን አየር ላይ ቀረ፣ ማንም አላወቀም። የግራውንድ ዘንግ መሬት ውስጥ ቀብረህ በመሣሪያ ለካ የሚል ወረቀት ያለው ለዚህ ነው። እጅ የምድርን ኦም አይለካም።

የድሮ እጅ፦
እሺ ወረቀት አክባሪው፣ አንድ ነገር መልስልኝ። ያንን «ሐ» ጽፎ የሚሸጠው ማነው? እኔ ነኝ? ማንበብ የማይችሉት መምህሬ ናቸው? ፈተና ያለፈ ነው! እትዬ ቤት የሄደው ማነው? ሠርተፍኬት ያሳየ ነው! ልደታ ሄዶ «ተለማመጂው» ያለውስ? ወረቀታችሁ ያፈራው እነዚህን ነው። እኔ ዘንድ የሠለጠነ ልጅ እንዲህ ሲያደርግ አሳዩኝ።

ፌዝ ብቻ፦
በቃ። ግሩፑ ይዘጋ።

ደረጃ ሦስት፦
ጋሼ፣ እርስዎ ዘንድ ስንት ልጅ ይገባል? አዲስ አበባስ ስንት ቤት አለ? ሁሉም የእርስዎን ዓይነት ሰው አያገኝም። ፈተናው ካልረባ ይጥበቅ፦ መጽሐፉ ይከፈት፣ ሳጥን ይሰጠው፣ ሆን ተብሎ የተበላሸውን ፈልጎ ያውጣ። ፈታኝ ሆነው እርስዎ ይቁሙ፣ እኔ ደስ ይለኛል።

የድሮ እጅ፦
እኔን ማን ያስገባኛል? ሲኦሲ የለህም ይሉኛል።

ካዛንቺስ ነበርኩ፦
ይፈተኑዋ።

የድሮ እጅ፦
አንተ ልጅ!

ፈተና ደረሰብኝ፦
እሺ፣ ግን ጥያቄው ከመጣና መልሱን «ሐ» ብለው የሚያርሙ ከሆነስ?

ደረጃ ሦስት፦
አያርሙም። የሸጠልህ ሰውዬ የፈጠረው ነው።

ፌዝ ብቻ፦
ወንድሜ፣ ሐ በልና እለፍ። ቤት ስትሠራ ሌላ ታደርጋለህ።

የድሮ እጅ፦
ሐ ካልክ እኔ ዘንድ ሥራ ብለህ እንዳትመጣ።

የተክልዬ አከራይ፦
ያ ልጅ ስልኩን አያነሳም። ተከራይዋ ደግሞ ነገ ትጋግራለች። ከመካከላችሁ ዛሬ ተክለሃይማኖት ድረስ የሚመጣ አለ? ስንትስ ትላላችሁ?

ፌዝ ብቻ፦
በ250 እመጣለሁ፣ እትዬ።

ደረጃ ሦስት፦
እትዬ፣ እሱን እንዳያስገቡት!