የቴክሳስ የግብርና ኮሚሽነር፦ የነዳጅ መቅጃ ላይ ስም ከማስለጠፍ እስከ አገረ ገዥነት

የጋርላንዱ (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። እ.ኤ.አ. በ2013 ዳላስ አቅራቢያ ባለ አንድ ነዳጅ ማደያ በገንዘብ ተቀባይነት ስሠራ፣ በየመቅጃው ላይ የተለጠፈው የምርመራ ምልክት ቶድ ስቴፕልስ የሚል ስም ይዞ አይ ነበር። የኩባንያው ባለቤት ይሆናል ብዬ ገምቼ ወራት ካለፉ በኋላ፣ ሰውየው የቴክሳስ የግብርና ኮሚሽነር መሆናቸውን አንድ ደንበኛ አስረዳኝ። ያን ጊዜ የግዛቱ አገረ ገዥ የነበሩት ሪክ ፔሪም ከዚያው ወንበር ተነሥተው እንደ ወጡ የሰማሁት ከዚሁ ሰው ነው። የእርሻ ጉዳይ ኃላፊ ከነዳጅ መቅጃ ጋር ምን አገናኘው? ደግሞስ እንዲህ ያለ ሹመት ሰውን እንዴት አገረ ገዥነት ድረስ ያደርሳል? የምታውቁ ብታብራሩልኝ ደስ ይለኛል።

ባለሚዛን

በመጀመሪያ አንድ ቃል ላርም፦ ቴክሳስ ውስጥ ይህ ሥልጣን ሹመት አይደለም፤ ሕዝብ በየአራት ዓመቱ ድምፅ ሰጥቶ የሚመርጠው ነው። በአብዛኞቹ ግዛቶች የግብርና ኃላፊውን የሚሰይመው አገረ ገዥው ወይም አንድ ቦርድ ሲሆን፣ በቀጥታ ምርጫ የሚይዙት 12 ግዛቶች ብቻ ናቸው፤ ከእነርሱም ብዙዎቹ ደቡብ ውስጥ ይገኛሉ። የመቅጃው ነገር ደግሞ የሚመጣው ከሚዛን ነው። ገበሬ ጥጡንና እህሉን የሚሸጠው በክብደት ስለሆነ ሚዛን እንዳይሰርቀው የሚጠብቅለት አካል ያስፈልገዋል፤ በቴክሳስ የመለኪያ ሕጉ ከግብርና ሕጉ ጋር አብሮ የተጻፈ በመሆኑ፣ የሱቁን ሚዛን የሚመረምረው መሥሪያ ቤት የነዳጁንም ጋሎን ይመረምር ነበር። ኮሚሽነሩ በዚህ ምክንያት ለምርጫ ማስታወቂያ አንድ ሳንቲም ሳያወጣ ስሙን በየመንገዱ ዳር ያስነብብ ነበር ማለት ነው። አብዛኛው መራጭ ስለ ሥራው ምንም ሳያውቅ ስሙን ግን አይቶታል።

መሰላል ነው ወይ ለሚለው ግን አዎን ብሎ መመለስ ይከብዳል። እርስዎ ስማቸውን ያዩት ስቴፕልስ በ2014 ለምክትል አገረ ገዥነት ተወዳድረው በፓርቲያቸው ቅድመ ምርጫ ወድቀዋል። ወንበሩ ምን እንደሚሰጥና ምን እንደሚነሣ ለማየት የፔሪን ቀዳሚ የጂም ሃይታወርን ታሪክ መመልከት ይሻላል። ሃይታወር የጋዜጣ አዘጋጅ የነበሩ፣ አንደበተ ርቱዕና ቀልደኛ ዴሞክራት ሲሆኑ፣ በ1982 በሥልጣን ላይ የነበሩትን ሬገን ብራውንን በቅድመ ምርጫ አሸንፈው ገቡ፤ በ1986ም ደገሙት። ያን ወንበር ከእርሳቸው በፊት የያዙት ሰዎች በአመዛኙ የትላልቅ አምራቾች ወዳጆች ነበሩ። እርሳቸው ግን መሥሪያ ቤቱን ወደ አነስተኛ ገበሬውና ወደ ቀን ሠራተኛው አዞሩት። ፀረ ተባይ ኬሚካል በአውሮፕላን ከመረጨቱ በፊት ለጎረቤት እንዲነገር፣ ሠራተኛውም ወደ ተረጨው ማሳ የሚመለስበት ጊዜ እንዲወሰን የሚያስገድድ ደንብ አወጡ። የአውሮፓ ማኅበረሰብ በሆርሞን የደለበ ከብት ሥጋ እንዳይገባ በ1989 ሲከለክል፣ የዋሽንግተን ባለሥልጣናት ክልከላውን ሲቃወሙ፣ ሃይታወር ቴክሳስ ከሆርሞን ነፃ የሆነ ሥጋ አረጋግጣ ልትልክ ትችላለች ብለው ተነሡ። ከብት አርቢዎቹና የኬሚካል ነጋዴዎቹ ይህን ዝም ብለው አላለፉትም። በዚያው ዓመት የኮሚሽነርነቱ ሥልጣን ከምርጫ ወጥቶ በአገረ ገዥው ሹመት እንዲሆን በግዛቱ ምክር ቤት ተሞክሮ ነበር፤ ወንበሩ በሕገ መንግሥቱ ሳይሆን በተራ ሕግ የተቋቋመ በመሆኑ ነገሩ የማይቻል አልነበረም። ሙከራው ከሸፈ፤ ጠላቶቻቸው ግን የሚቀጥለውን ምርጫ ጠበቁ።

ሪክ ፔሪ የመጡት በዚህ ክፍተት ነው። የምዕራብ ቴክሳስ የጥጥ ገበሬ ልጅ፣ የቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ምሩቅ፣ የአየር ኃይል ፓይለት የነበሩ፣ ከዚያም የምክር ቤት አባል የሆኑ ሰው ናቸው። በ1988 አል ጎርን የደገፉ ዴሞክራት ሲሆኑ፣ በ1989 ፓርቲ ቀይረው በ1990 ሃይታወርን 49 ለ48 በመቶ በሚሆን ጠባብ ልዩነት አሸነፉ። እኔ በበኩሌ ሃይታወርን የጣላቸው ሥራቸውን መሥራታቸው ነው ብዬ አምናለሁ።

ዘጠና

ባለሚዛን ያቀረቡት አብዛኛው ትክክል ቢሆንም መደምደሚያው ሃይታወርን ቅዱስ ስለሚያደርግ አልተቀበልኩትም። በዚያው በ1990 ምርጫ፣ በዚያው ሌሊት፣ በዚያው የድምፅ መስጫ ወረቀት ዴሞክራቷ አን ሪቻርድስ አገረ ገዥ ሆነው ተመርጠዋል። ስለዚህ ቴክሳሶች ዴሞክራትን ሁሉ አልጣሉም፤ የጣሉት ለይተው ነው። አንደኛው ምክንያት የፌዴራል መርማሪዎች በመሥሪያ ቤቱ ላይ የከፈቱት ምርመራ ነው፤ ሃይታወር ራሳቸው ባይከሰሱም ከረዳቶቻቸው አንዳንዶቹ በኋላ በ1993 ተፈርዶባቸዋል። ሁለተኛው፣ በ1988 ጥቁር አሜሪካዊውን ጄሲ ጃክሰንን ለፕሬዚዳንትነት መደገፋቸው በገጠሩ ነጭ መራጭ ዘንድ ዋጋ አስከፍሏቸዋል፤ የፔሪ አማካሪ የነበሩት ካርል ሮቭም ይህን ሳያውቁበት አልቀሩም። ሃይታወር በገዛ አንደበታቸው ይኮሩ ነበር፤ ሰውየው ከገበሬው ጉዳይ ይልቅ የብሔራዊ መድረክ ቀልደኛ እየሆኑ መሄዳቸውን እኔ እንደ ጥፋት እቆጥረዋለሁ።

ፔሪ በወንበሩ ላይ በቆዩባቸው ስምንት ዓመታት ያደረጉት ነገር ደግሞ ከትልልቅ ደንቦች ይልቅ ገጠሩን በእግር መዞር ነው ቢባል ብዙ አያሳስትም። ቴክሳስ 254 አውራጃዎች አሏት፤ ኮሚሽነር የከብት ትርኢቱ፣ የጥጥ አምራቾች ስብሰባ፣ የድርቅ ዕርዳታ ውይይቱ በየቦታው ይጠራዋል። ይህ ሁሉ ጉዞ ሥራ ነው፤ ግን ሌላ ተወዳዳሪ በገዛ ገንዘቡ የሚያደርገው የምርጫ ቅስቀሳም ነው። በ1998 ጆን ሻርፕን በጠባብ ልዩነት አሸንፈው ምክትል አገረ ገዥ ሆኑ። ከዚያ በኋላ ያለው ዕድል ነው፦ አገረ ገዥው ጆርጅ ቡሽ በታኅሣሥ 2000 ወደ ዋይት ሐውስ ለመግባት ሥልጣን ሲለቁ ፔሪ ወንበሩን ወርሰው እስከ ጥር 2015 ቆዩበት፤ በቴክሳስ ታሪክ እንደ እርሳቸው ረጅም ዘመን የገዛ የለም። ለፕሬዚዳንትነት በተወዳደሩበት በ2011 ክርክር ሊዘጉት ያቀዱትን የኢነርጂ ሚኒስቴርን ስም ረስተው መሳቂያ ሆኑ፤ በ2017 ደግሞ ያንኑ ሚኒስቴር እንዲመሩ ተሾሙ።

የጋርላንዱ

ሁለታችሁንም አመሰግናለሁ። አንድ ነገር ግን ግልጽ አልሆነልኝም። ወንበሩ ለሁለቱም አንድ ከሆነ፣ መሰላል የሚያደርገው የራሱ የሰውየው ባሕርይ ነው ማለት ነው?

የኬንታኪ ነዋሪ

ከቴክሳስ ወጥቼ ልመልስ። እዚህ ኬንታኪ ጄምስ ኮመር በ2012 ኮሚሽነርነቱን ሲጀምሩ ጉዳያቸው ሄምፕ ነበር፤ የማያሰክረውን የካናቢስ ዝርያ የትምባሆ ገበያ ለቀዘቀዘበት ገበሬ መተኪያ አድርገው አቀረቡት። በ2014 ከጣሊያን የመጣ 250 ፓውንድ ዘር የፌዴራሉ የአደንዛዥ ዕፅ መሥሪያ ቤት ሲይዝባቸው፣ መሥሪያ ቤታቸው ፍርድ ቤት ከሶ ዘሩን አስለቀቀ። የግዛት ግብርና ኃላፊ ከዋሽንግተን ጋር ተጋጭቶ ሲያሸንፍ ገበሬው ደስ ይለዋል፤ ልብ ይበሉ፣ ሃይታወርም በሥጋው ጉዳይ ከዋሽንግተን ጋር ተጋጭተዋል፣ ግን በዚያኛው ክርክር ትልልቆቹ አርቢዎች ከዋሽንግተን ጎን ነበሩ። ኮመር በ2015 የአገረ ገዥነት ቅድመ ምርጫ በ83 ድምፅ ብቻ ተሸነፉ። በቀጣዩ ዓመት ግን የፌዴራሉ ምክር ቤት አባል ሆኑ፤ ከ2023 ጀምሮም የምክር ቤቱን የቁጥጥር ኮሚቴ መርተዋል። ስለዚህ ከባሕርዩ በፊት መጠየቅ ያለበት ኮሚሽነሩ የሚቆጣጠረው ሰው በደንቡ ተጠቀመ ወይስ ተጎዳ የሚለው ይመስለኛል። በሌላ በኩል መውጣት የማይፈልጉም አሉ፤ የጆርጂያው ቶሚ አርቪን ከ1969 እስከ 2011 ድረስ ከዚያችው ወንበር አልተነሡም።

ባለሚዛን

ዘጠና ስለ ሪቻርድስ ያነሡት ነጥብ ከባድ ነው፤ መልስ አላገኘሁለትም፤ ሆኖም ምርመራው ባይኖርም ትልልቆቹ አርቢዎች ፔሪን ይደግፉ ነበር የሚለውን አልለቅም። ለጠያቂው አንድ ማረሚያ ልጨምር፦ ዛሬ ወደዚያ ማደያ ቢመለሱ የኮሚሽነሩን ስም አይፈልጉ። የነዳጅ መቅጃ ቁጥጥር ከመስከረም 2020 ጀምሮ ከግብርና መሥሪያ ቤቱ ተወስዶ ለፈቃድ ሰጪው መሥሪያ ቤት ተሰጥቷል። የሥጋ ቤቱና የግሮሰሪው ሚዛን ግን ከኮሚሽነሩ እጅ አልወጣም።