ለ8 እና ለ12 ዓመት ልጆች የሚሆኑ የሳይንስ ልብ ወለዶች፦ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ የሁለት ልጆች እናት፣ አዲስ አበባ

የ12 ዓመት ልጄና የ8 ዓመት እኅቱ ስለ ጠፈር፣ ስለ ሮቦትና ስለ ሌሎች ፕላኔቶች ሲጠይቁኝ ይውላሉ። ባለፈው ክረምት የዡል ቬርንን «ሃያ ሺህ ሊግ ከባሕር በታች» የተባለውን ልብ ወለድ ሙሉ የእንግሊዝኛ እትም ከአሮጌ መጻሕፍት ሻጮች ገዝቼ ለልጄ ሰጠሁት። ሰርጓጅ መርከቡ እስኪገለጥ ድረስ በጉጉት አነበበ፤ ከዚያ በኋላ ግን የዓሣ ስም ዝርዝር እየተከታተለ ሲመጣበት ዕልባቱን ገጽ 90 ላይ ትቶ ተወው፤ መጽሐፉም የሚነቃነቀው የቴሌቪዥን ጠረጴዛችን እግር ሥር ገባ። ልጁ እንግሊዝኛ ቢችልም ረጅም ዓረፍተ ነገር ያደክመዋል፤ ለታናሽየዋ ደግሞ እኔው እንግሊዝኛውን እያየሁ በአማርኛ አነብላታለሁ። ለሁለቱም የሚሆን፣ ማታ እንቅልፍ የማይነሣቸው መጽሐፍ ብትጠቁሙኝ፣ በተጨማሪም እነዚህን የሳይንስ ቃላት በአማርኛ እንዴት እንደምላቸው ብትመክሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

መልስ፦ የትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ሠራተኛ

እኅቴ፣ ልጅዎ ሰነፍ አንባቢ ስለሆነ አይደለም። ቬርን ይህን ሥራ እ.ኤ.አ. በ1869 እና በ1870 በተከታታይ ያወጣው የፈረንሳይ ልጆችና ወጣቶች እየተዝናኑ ሳይንስ እንዲማሩ ታስቦ በሚዘጋጅ መጽሔት ላይ ስለነበር፣ የዓሣው ዝርዝር ለዚያ ዘመን አንባቢ ትምህርት ነበር። እኔ መጽሐፉን ለተማሪዎች ሳውስ ዝርዝሩን እንዲዘሉት በግልጽ ፈቃድ እሰጣቸዋለሁ፤ ፈቃድ ያገኘ ልጅ አንዳንዴ ተመልሶ የዘለለውን ያነበዋል። ሌላም መላ አለ፦ ብዙ ልጆች መርከቡ ሃያ ሺህ ሊግ ወደ ታች የጠለቀ ይመስላቸዋል፤ ቁጥሩ ግን በባሕር ውስጥ የተጓዘውን ርቀት የሚናገር ነው። አንድ ሊግ 4 ኪሎ ሜትር ያህል መሆኑን ነግረው፣ ጠቅላላውን ርቀትና ያ ርቀት ምድርን ስንት ጊዜ እንደሚያዞር እሱ ራሱ አስልቶ እንዲነግርዎ ያድርጉ።

ለታናሽየዋ ያለ ማመንታት የምመርጠው እንግሊዛዊው ገጣሚ ቴድ ሂውዝ እ.ኤ.አ. በ1968 ያሳተመውን «ዘ አይረን ማን» ነው። በፊልም ከምናውቀው ባለ ብረት ልብስ ጀግና ጋር አይገናኝም፤ እንዲያውም አሜሪካ ውስጥ «አይረን ጃየንት» በሚል ርእስ ስለሚሸጥ ሲፈልጉ ሁለቱንም ስም ይያዙ። ግዙፉ የብረት ሰው ከገደል ወድቆ በባሕር ዳርቻ ይበታተናል፤ ከዚያም አንድ እጁ በጣቶቹ እየዳኸ፣ ያገኘውን ዓይን ጨብጦ የቀረውን አካሉን ፍለጋ ይሄዳል። ልጆች ይህን ቦታ ሲሰሙ የራሳቸውን እጅ ምንጣፍ ላይ ማስኬድ ይጀምራሉ። መጽሐፉ አምስት ምዕራፍ ብቻ ስለሆነ በአምስት ማታ ያልቃል።

ለታላቁ ደግሞ ፒተር ብራውን እ.ኤ.አ. በ2016 ያሳተመው «ዘ ዋይልድ ሮቦት» ይሻለዋል። ጭነት የያዘች መርከብ በማዕበል ሰጥማ፣ አንዲት ሮቦት ሰው በሌለበት ደሴት ላይ ትነቃለች፤ እንስሳቱን እያየች ቋንቋቸውን ትማራለች፤ እናት አልባ የሆነ የዝይ ጫጩትም ታሳድጋለች። ምዕራፎቹ አጫጭር፣ ዓረፍተ ነገሮቹም ቀላል ናቸው፤ ሥዕልም አለው።

መልስ፦ የአንዲት ልጅ አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ

በብረቱ ሰው እስማማለሁ፤ በሮቦቷ ግን ትንሽ እጠራጠራለሁ። የ12 ዓመት ወንድ ልጅ ሽፋኑን አይቶ የሕፃን መጽሐፍ ነው ሊል ይችላል፤ እንዲህ ካለ ለእኅቱ እንዲያነብላት አደራ ቢሰጡት ክብሩ ሳይነካ መጽሐፉን ይጨርሰዋል።

እኔ ከልጄ ጋር ያነበብኩት የማደሊን ሌንግልን «ኤ ሪንክል ኢን ታይም» ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ታትሞ በማግስቱ ዓመት ኒውበሪ የተባለውን የአሜሪካ የልጆች መጽሐፍ ሽልማት ያገኘ መጽሐፍ ነው። ሜግ የምትባል፣ በትምህርት ቤት ነገር ያልሆነላት ልጅ የጠፋውን ሳይንቲስት አባቷን ፍለጋ ከታናሽ ወንድሟ ጋር ወደ ሌላ ዓለም ትሄዳለች። እንዴት በቅጽበት እንደሚደርሱ መጽሐፉ የሚያስረዳው በልብስ ነው፦ ከተወጠረ ጨርቅ አንድ ጫፍ ወደ ሌላው የምትሄድ ትንሽ ነፍሳት ረጅም መንገድ ይጠብቃታል፤ ሁለቱ ጫፎች ከተገጣጠሙ ግን ወዲያው ትደርሳለች። ባለቤቴ ነጠላዋን አንሥታ ጥለቱን ከጥለቱ ገጥማ ስታሳያት፣ እኔ ሩብ ሰዓት ሙሉ ስለ አምስተኛው ልኬት ያወራሁት ሁሉ ከንቱ መሆኑ ገባኝ። መሐል ላይ ሁሉም ልጅ ኳሱን እኩል፣ በተመሳሳይ ምት የሚያነጥርበት ከተማ አለ፤ ልጄን ያስፈራት ከጭራቅ ይልቅ እሱ ነበር፤ ስለዚህ ያንን ምዕራፍ በቀን ያንብቡት።

መልስ፦ የእንግሊዝኛ መምህር፣ ደብረ ብርሃን

ከ12 ዓመት በላይ ላለ ተማሪ የሎይስ ላውሪን «ዘ ጊቨር» የሚያህል ክርክር የሚያስነሣ መጽሐፍ በክፍሌ አላጋጠመኝም። እ.ኤ.አ. በ1993 የታተመ ሲሆን፣ ሕመምም ምርጫም በሌለበት፣ ሰው ቀለም እንኳ በማያይበት ማኅበረሰብ ውስጥ ስለሚኖር ዮናስ ስለተባለ ልጅ ይተርካል። ዮናስ ከጓደኛው ጋር ፖም ሲወራወር ፖሙ ለቅጽበት ይለወጥበታል፤ ምን እንደ ሆነ አያውቅም፤ አንባቢው ቀይ ቀለም መሆኑን የሚረዳው ዘግይቶ ነው። እንግሊዝኛው እጅግ ቀላል ነው፤ ነገሩ ግን ከባድ ነው። ሊያልቅ ጥቂት ምዕራፎች ሲቀሩት አንድ ጨቅላ ሕፃን በመርፌ የሚገደልበት ትዕይንት ስላለ፣ አስቀድመው ራስዎ ሳያነቡት ለልጁ አይስጡት።

ከናይጄሪያውያን ወላጆች የተወለደችው አሜሪካዊቷ ነዲ ኦኮራፎር የጻፈችው «ቢንቲ» ደግሞ ለወደፊቱ ይያዝለት። የናሚቢያ የሂምባ ልጅ ቀይ አፈሯን በገላዋ ተቀብታ ወደ ጠፈር ዩኒቨርሲቲ ትጓዛለች፤ ፀጉራቸውን በቀይ አፈርና በቅቤ የሚሠሩትን የሐመር ሴቶች የሚያውቅ ልጅ ነገሩ ሩቅ አይሆንበትም። ሆኖም ገና ከመነሻው በመንኩራኩሩ ላይ እልቂት ስላለ ከ14 ዓመት በታች አልሰጥም።

መልስ፦ ተርጓሚ

ስለ ቃላቱ ልመልስልዎ። መንኩራኩርና ሰርጓጅ መርከብ ልጆች ያለ ችግር የሚቀበሏቸው ቃላት ናቸው፤ ሮቦትንና ሳተላይትን እንዳሉ ይተዉአቸው። «ባዕድ» የሚለውን ግን ለሌላ ፕላኔት ነዋሪ አልጠቀምበትም፤ ልጅ የውጭ አገር ሰው ይመስለዋል፤ «የሌላ ዓለም ፍጡር» ረዘም ቢልም ግልጽ ነው።

እያነበቡ ሲተረጉሙ የሚያስቸግርዎ ግሡ ነው፤ አማርኛችን «አለ» ወይም «አለች» ሳይል አንድ እርምጃ አይሄድምና የእያንዳንዱን ማሽንና እንስሳ ጾታ ከመጀመሪያው ይወስኑ፤ መሐል ላይ ከተሳሳቱ የ8 ዓመቷ ልጅ ናት የምታርምዎ። የደሴቷ ሮቦት ሴት ናት፤ ስሟም ሮዝ ስለሆነ የእኔ ልጆች ግራጫ መሆኗ ተነግሯቸውም ሮዝ ቀለም ቀብተው ሥለዋታል። መምህሩ በጠቀሱት «ዘ ጊቨር» ያ የሕፃን ግድያ የሚጠራበትን ለስላሳ የእንግሊዝኛ ቃል «ማሰናበት» ብለው ከመለሱት፣ ከዚህ ዓለም ተሰናበተ ማለት ስለለመድን ምሥጢሩ ቀድሞ ይወጣል፤ «መልቀቅ» ይሻላል።

የቬርን መጽሐፍ ዘመኑ ያለፈ ስለሆነ ፕሮጀክት ጉተንበርግ በተባለው የመጻሕፍት ድረ ገጽ በነጻ ይገኛል። የቆየው የእንግሊዝኛ ትርጉም ብዙ ቦታ የተቆረጠ ስለሆነ፣ እዚያው ያለውን የኤፍ ፒ ዋልተርን አዲስ ትርጉም ይምረጡ።

የጠያቂዋ ምላሽ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። የብረቱን ሰው ቅዳሜ አራት ኪሎ ወርጄ እፈልጋለሁ። የሊጉን ሒሳብ ለልጄ ስነግረው 80,000 ኪሎ ሜትር፣ ምድርን ሁለት ጊዜ መዞር መሆኑን በደብተሩ ጀርባ አሰላና ዝም ብሎ ሄደ፤ ማታ ቴሌቪዥኑ ወደ ግራ ማዘንበሉን ሳይ መጽሐፉ ከጠረጴዛው እግር ሥር መውጣቱን አወቅሁ።